ሞጣ ወንበሯን ያዞረች ዕለት

አዋጅ! በሁለት እጁ እነሴ ያለህ፣ በእነማይ ያለህ፣ የምታርስም የምትነግድም፣ የምትቀድስም የምትሰግድም፣ ጆሮ ያለህ ስማ፤ ጆሮ የሌለህ ከጎረቤትህ ተዋስ! ከሞጣ ገበያ ጀርባ፣ አንዱ ቁጭ ሲል ሌላው ቆሞ ከሚያወራበት በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ የሚሸጠው አብዱሰመድ ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ ተዋናይ መሆኑን አውቀናል፤ አጽድቀናል። ይህን የሚቃወም ሁሉ በአደባባይ መሃል የሱሪው ቁልፍ ይርገፍ!

ታላቅነቱ በቁመቱ እንዳይመስልህ። ከመደርደሪያው ላይኛው ረድፍ ክር ለማውረድ በርጩማ የሚጎትት ሰው ነው። በሀብቱም አይደለም። በራሪ ወረቀት በየአጥሩ ሥር በሚወረወርበት ዘመን ቢሆን ኖሮ «ንዑስ ከበርቴ» ተብሎ ይወገዝ ነበር፤ ንዑስነቱስ አያጠራጥርም፣ ከበርቴነቱን ግን ሚስቱ ራዲያ ከተጋቡ ጀምሮ ስትፈልገው አላገኘችውም። ታላቅነቱ በአራት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የጭቃ ሹሙ ሠርግ» የሚባለውን የመድረክ ኮሜዲ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። የሞጣ አማተር የቴአትር ቡድን በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አገር ምድሩ ድንኳን በድንኳን ሲሆን፣ ያሳየው ነበር፤ ቢቸናም፣ ደብረ ወርቅም፣ አምበርም እየዞረ። ጭቃ ሹሙ ልጁን ይድራል። እንደ አገሩ ወግ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ይታረዳል፣ ለብቻ ድስት ይጣዳል፤ ስለዚህ በጉን የሚያርድ ሙስሊም ጎረቤቱ ይጠራል። ጎረቤቱ በጉን እየጎተተ፣ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከች ይላል። ልክ ያን ጊዜ ዘመድ አዝማዱ «ማን ከላይኛው መደብ ይቀመጥ?» በሚል ይናቆራል። አማት ባማት ላይ፣ ሚዜ በሚዜ ላይ ይነሣል፤ የሞተ አያት ነውር ተቆፍሮ ይወጣል። ጎረቤቱ ቆሞ ያያል። ጠቡ ይሞቃል፣ ይገነፍላል፣ እሱ ቆሟል። በመጨረሻ ሁሉም ትንፋሽ አጥሯቸው ባንዴ ጸጥ ሲሉ፦

«እኔስ፣ ልረድ ወይስ ልሂድ?»

አለቀ። ሌላ ቃል የለውም። በጉን እየጎተተ ይወጣል፤ ሠርጉ ይፈርሳል፤ በጉ ይተርፋል።

ይቺ አራት ቃል ከመድረኩ ወርዳ አገር ለአገር መዞር ከጀመረች ቆይታለች። የዕድር ስብሰባ ሲንዛዛ ከኋላ ወንበር አንዱ ይላታል። ጎረምሳው ልጅቷን አጭቶ ክረምት ከበጋ ሲያመነታ አባቷ ይሏታል። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ የዋለ በሽተኛ ሳይቀር ብሏታል። አብዱሰመድ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ሰምቶ ቁልፉን እየቆጠረ፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣ ውስጥ ውስጡን ይሞቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፣ በኋላ ያስፈልግሃል። ጎረቤቱ የሚገባው ከመጋረጃ ጀርባ አልነበረም። ጎረቤት ከጓዳ ይወጣል እንዴ? በደጅ ነው የሚመጣ! ስለዚህ አብዱሰመድ ከአዳራሹ የኋላ በር ገብቶ፣ በተመልካቹ መሃል ሰንጥቆ፣ እስከ በጉ ወደ መድረኩ ይወጣ ነበር። የነገሩን ሰዓት ሁሉም ስለሚያውቀው፣ ገና ጠቡ ሲጋጋም አዳራሹ አንገቱን ወደ በሩ ያዞራል። አምበር ላይ አንድ ዓመት በጉ ገመዱን በጥሶ ወደ ገበያው ፈረጠጠ። ግማሹ ተመልካች ተነሥቶ አሳደደው፤ ግማሹ ወንበር ጠበቀ፤ መድረክ ላይ ያሉት ሲጨቃጨቁ ሲጨቃጨቁ ስድባቸው አልቆ ከሰፈራቸው ስድብ ተበደሩ። በጉ ተይዞ፣ አብዱሰመድ ላቡ በጺሙ እየወረደ ገብቶ «እኔስ፣ ልረድ ወይስ ልሂድ?» ሲል አምበር በሳቅ ፈረሰች ይባላል። መልሳ ተሠርታ ይሆናል።

ራዲያ ግን አንድም ቀን ሄዳ አይታው አታውቅም።

«አራት ቃል!» ትላለች ጺሙን ሲያበጥር እያየች። «ለአራት ቃል ነው ይሄ ሁሉ መስተዋት? እኔ ካንተ ስጣላ በአንድ ትንፋሽ አርባ እደረድራለሁ፤ ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅ!»

ከዚያ ቡድኑ ፈረሰ። መሪው ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ፤ ጭቃ ሹሙን የሚሠራው ሰው በእውነተኛው ሹመት ተሾመና ቀልድ ተወ፤ የቴአትር ዕቃው ማስቀመጫ ክፍል የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። አብዱሰመድ ቢላዋውን ከነጋዜጣው ከሱቁ ጣሪያ ሥር ሸጎጠው።

ዓመታት አለፉና፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች «የጭቃ ሹሙ ሠርግ»ን ፊልም አደረጉት የሚል ወሬ መጣ። ሰፊው ሕዝብ በነጻ ሲስቀው የኖረውን ሳቅ ወስደው፣ ቀለም ቀብተው፣ በትኬት መልሰው ሊሸጡለት! ሰፊው ሕዝብ ግን፣ ያው እንደ ልማዱ፣ በደስታ ተቁነጠነጠ። ቅዳሜ ቢቸና ይታያል፤ በሳምንቱ ሞጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክር ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣ ጀመር፦

«አብዱ፣ ያንተን ማን ሠራው?»

«ይታያላ» ይላል እሱ፣ ፈገግ ለማለት እየታገለ።

ውስጡን ግን ያሰላል። ታዋቂ ሰው ሠርቶት ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ አራቱ ቃል የዚያ ታዋቂ ሰው ናት። ማንም ካልሠራው ደግሞ… ይህኛውን እስከ ጫፉ ማሰብ አልፈለገም። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ በገዛ አገሩ ሰው መሃል ተቀምጦ በድንገት ሊያየው አይችልም። ቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጋቢውን ደረበ።

«ወዴት ነው?» አለች ራዲያ።

«ቢቸና። ክር ላመጣ።»

«ክር ከቢቸና? ቢቸና ክር የምትገዛው ካንተ አይደል እንዴ?»

ጫማውን ፈለገ። ራዲያ አየችው። ምላሷን ስታውቅበት ትስላለች፣ ስታውቅበትም ታጥፋለች።

«አብዱ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከፊልሙ አውጥተውህ ከሆነስ?»

«አውጥተውኝ ከሆነማ» አለ ጫማውን እያሰረ፣ «ቁልፍ ሻጭ ነኛ።»

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ቢቸና እስኪገባ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ነገረው፤ አብዱሰመድ ከዚያ ሁሉ የሰማው «እህ» የሚለውን የራሱን ድምፅ ብቻ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀመጠ።

ፊልሙ ተጀመረ። ካሜራው በሰማይ እንደ ጭልፊት ዞረ፤ ዞረና ተራራ አሳየ፤ ደግሞ ዞረና ያንኑ ተራራ አሳየ። ጭቃ ሹሙ ጭቃው ተራግፎለት የሕንፃ ባለቤት ሆኗል። ድንኳኑ በሆቴል አዳራሽ ተለውጧል። ሙሽራዋ አረፋ በሞላው ገንዳ ውስጥ ስትታጠብ ረጅም ዘፈን ተዘፈነ፤ ቢቸና ባዶ ባልዲዋን አስታውሳ ተነፈሰች። ቀልዱ ግን፣ ሐቅ ሐቅ ነው፣ ያሥቃል። አማቶቹ ጎበዞች ናቸው። አብዱሰመድ ራሱ ሳይፈልግ ሁለት ጊዜ ሥቆ ጋቢውን ነከሰ።

ከዚያ ጠቡ ተነሣ። አብዱሰመድ ጉልበቱን ጨበጠ። በጉ የት አለ? በግ የለም። በበጉ ፈንታ፣ ጉድ በል ጎጃም፣ ኬክ! እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ደርብ በደርብ የተቆለለ ኬክ። ጠቡ ማን ኬኩን ይቁረስ ሆኗል። ኬክ ለማረድ ደግሞ ማንም ጎረቤቱን አይጠራም። ሙስሊሙ እንግዳ የለም፤ ድስቱ የለም፤ ጎረቤቱ የለም። ተሠርዟል። ታዋቂ ሰውም አልወሰደበትም፤ ማንም የሚፈልገው ነገር ሆኖ አልተገኘም።

 የሰው ዓይን ሳያርፍበት ሹልክ ሊል ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ ተራመደ፤ እጀታውን ያዘ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባ ሰዎች ያላወቁት ነገር የተፈጠረው። ጎረቤቱን አወጡት እንጂ፣ ጠቡን እንደ ጥንቱ ነበር የቀዱት። አማትና አማት፣ ሚዜና ሚዜ ተጯጯሁ፣ ተጯጯሁና፣ ልክ እንደ መድረኩ፣ ሁሉም ትንፋሽ አጥሯቸው ባንዴ ጸጥ አሉ። በስክሪኑ ላይ ኬክና ዝምታ ብቻ ቀረ።

የቢቸና አዳራሽ ደግሞ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ፊልም መሆኑንም ረስቶ፣ እንዳለ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

ሕፃን አዋቂው፣ ካህን ነጋዴው፣ ለዓመታት የለመደውን ጠበቀ። ከጨርቅ ላይ ብርሃን የሚወርድለት ሕዝብ ጨርቁን ትቶ በር ያያል! እንዲህ ያለ ስህተት ሌላ የትም አገር አይሠራም። በበሩም ላይ፣ አንድ እጁ እጀታው ላይ፣ ጋቢው ከአፍንጫው ወርዶ፣ አብዱሰመድ ቆሟል።

አየው ሕዝቡ። አየ እሱም። ከዚህ ወዲያ መውጣት ከመግባት ይከብዳል። ጀርባው ቀና አለ። በግ የለ፣ ቢላዋ የለ፤ ጋቢውን በትከሻው ላይ እንደ ገመድ ጠቅልሎ ያዘና፣ በሚያውቋት ድምፅ፦

«እኔስ፣ ልረድ ወይስ ልሂድ?»

ቢቸና ተገለበጠች። ፉጨቱ፣ እልልታው፣ ወንበር መምታቱ! ከዚያ በኋላ በፊልሙ ላይ የሆነውን የሰማ የለም፤ ሙሽራዋ አልቅሳ ይሆናል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

መብራት ሲበራ የአስተያየት መድረክ ተከፈተ። መሪው ደምለው ነበር፤ ፊልሙን ያስመጣው የጥበብ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሎትም ቢሆን ያለ አጀንዳ የማይጀምር ሰው።

«አስተያየታችን አጠር ይበል» አለ። «ጥንካሬ፣ ድክመት፣ የወደፊት አቅጣጫ። በዚህ ቅደም ተከተል።»

አንዱ ተነሣ። «በቅድሚያ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከጥንካሬ ብነሣ፣ ተራራው በደንብ ተነሥቷል። በድክመት፣ ተራራው በዝቷል።»

ሌላው ቀጠለ። «እኔ በፊልሙ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሰፈራችን ቦኖ ግን ውሃ ካቆመ…»

«ከአጀንዳ ውጭ!» አለ ደምለው።

«እንዴት ከአጀንዳ ውጭ? ሙሽራዋ ገንዳ ሙሉ ስትንቦራጨቅ አላየህም? አጀንዳው ውስጥ እስከ አንገቴ ነው ያለሁት!»

ሳቁ ሳይበርድ እማማ ባንቺዓለም እጃቸውን አነሡ። ሠርግ በመጥራትና በመደገስ ያረጁ፣ ቢቸና ውስጥ ሳያማክሯቸው ድንኳን የማይተከል ሴት ናቸው። ከፊልም ሠሪዎቹ ወገን የመጣውን ወጣት፣ ሐብታሙን፣ በጣታቸው ጠሩት።

«ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ። ያን የበጉን ሰውዬ የት አደረሳችሁት?»

ሐብታሙ ማይኩን ተቀበለ። «እናቴ፣ ሚናው ትንሽ ነው። አራት ቃል ብቻ ነው ያለው። ለታሪኩ ፍጥነት ስንል…»

«ኧረግ! ፍጥነት?» አሉ። «ሠርግ ደግሰህ ጎረቤትህን ካልጠራህ፣ በፍጥነት የምታገኘው እርግማን ነው። ደግሞስ ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ምሰሶውን ረሳችሁ እኮ! ሁሉም ዝም ሲሉ ማንን ነው የሚጠብቁት? ኬኩ ይናገራል ብለው ነው?»

በሐብታሙ ፊት ላይ አንድ ነገር ሲበራ ታየ። ዝምታውን ሲያርትዑ ለምን ሊቆርጡት እንዳልቻሉ፣ በቆረጡት ቁጥር ትዕይንቱ ለምን እንደሚሞት፣ አሁን ገባው። ሣቀ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ በራሱ ላይ መሣቅ ያውቃል።

«በድክመት ይያዝልን» አለ።

እማማ ባንቺዓለም ግን አልጨረሱም። ወደ ኋላ ዞሩ። «አንተ የሞጣው! ና እስቲ ወደ ፊት። ምነውሳ እንደ ሌባ በር ለበር? እንዲህ አርጅተሃል? ድምፅህ ግን ያው ነው።»

አብዱሰመድ በሕዝቡ መሃል ሰንጥቆ፣ እንደ ጥንቱ፣ ወደ ፊት ሄደ። እጃቸውን ሲስም ዓይኑ ውሃ ቋጥሮ ነበር። የቢቸና አቧራ ነው አለ በኋላ፤ ይሁንለት።

ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ሞጣ ገባ። ራዲያ በር ላይ ጠበቀችው።

«ክሩስ?» አለች።

«አላገኘሁም።»

«እኔ ግን ሌላ ሰማሁ» አለችና ፊቷን ለመደበቅ ፈጥና ወደ ውስጥ ገባች። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ። «ቢላዋህን አውርድ፤ ዝጎ ይሆናል!»

በሳምንቱ ፊልሙ ሞጣ መጣ። የሞጣ ሕዝብ ትኬቱን ቆርጦ፣ ተሰልፎ፣ በሥርዓት ገባ። ገባና ወንበሩን ሁሉ አንሥቶ፣ ጀርባውን ለስክሪኑ፣ ፊቱን ለበሩ አድርጎ ተቀመጠ! ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ማለት ከኋላ፣ ማለት ከበሩ አጠገብ። ሐብታሙ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ቆመ።

«ጎበዝ፣ ፊልሙ በዚያ በኩል ነው!»

«እናውቃለን» አለው አንዱ። «ድምፁ ይበቃናል። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ፊልሙም ተጀመረ። ከተራራው ጀምሮ እስከ ገንዳው ሁሉም ለሞጣ ጀርባ ታየ። ሞጣ በጆሮዋ ሣቀች፣ በዓይኗ በሩን ጠበቀች። ከበሩ አጠገብ፣ አዲስ ሻርፕ ለብሳ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራዲያ ተቀምጣለች።

ጠቡ ተነሣ። በሩ ሲጢጥ አለ። አብዱሰመድ ገባ፤ በግ፣ እውነተኛ በግ፣ በገመድ፤ ቢላዋው በዚያው፣ ዕድሜ ቢጫ ባደረገው ጋዜጣ። መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ ስክሪኑን ያያል፤ ከዚያ አዳራሽ ፊልሙን ያዩት እሱና በጉ ብቻ ናቸው። አማቶቹ ይሰዳደባሉ። ሕዝቡ ትንፋሹን ይዟል። እሱ ዝም። ራዲያ አልቻለችም።

«በል እንጂ አብዱ!» አለች፣ ሹክ ያለች መስሏት፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማት።

«ቆይ እንጂ» አላት ዓይኑን ሳይነቅል። «ገና አልደከማቸውም።»

አማት ጮኸች፤ ሚዜ ፎከረ። ከዚያ የስክሪኑ ሰዎች ሁሉ ባንዴ ጸጥ አሉ፤ ታላላቆቹ የአዲስ አበባ ተዋንያን፣ በዚያ ሁሉ ብርሃን መሃል፣ አፋቸውን ገጥመው የሞጣውን ቁልፍ ሻጭ ጠበቁ።

«እኔስ፣ ልረድ ወይስ ልሂድ?»

የሆነውን ለመጻፍ ቃል አይገኝም፤ ለራዲያ ግን ተገኘላት። ቆማ፣ ሻርፗ ወድቆ፣ እያጨበጨበች፣ በአንድ ትንፋሽ አርባውን ደረደረችው፦ ባሌ ነው፣ የኔ ነው፣ ጺሙን እኔ ነኝ የማበጥርለት… (አበጥራለት አታውቅም፤ ግን በዚያ ቀን ማን ይከራከራታል?)

የአስተያየት መድረኩ አጭር ሆነ። ፊልሙን ያየ ሰው ስላልነበረ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ተነሡ። «ከጥንካሬ፣ በሩ ሰፊ ነው፤ በጉም ሳይጨናነቅ ገብቷል። ከድክመት፣ የበሩ ማጠፊያ ይጮኻል፤ ቅባት ይቀባ» ብለው ተቀመጡ። ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።

ማታውን ሐብታሙ ሱቁ ድረስ ሄደ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ለመነው። «ጋሽ አብዱሰመድ፣ አዲስ አበባ ይምጡልን። እንቀርጽዎታለን፤ ትዕይንቱን አስተካክለን ፊልሙ ውስጥ እናስገባዎታለን። አገር ሁሉ ያይዎታል።»

አብዱሰመድ ለአንዲት ሴት ጥቁር ቁልፍ እየመረጠ ነበር። ጨርሶ፣ ጠቅልሎ ሰጥቶ፣ ቀና አለ።

«እዚያ ውስጥ ከገባሁ፣ በሩን ማን ይከፍታል?»

ሐብታሙ ባዶ እጁን ሄደ። ፊልሙ አሁንም እንዳለ፣ ከነዝምታው፣ ከከተማ ከተማ ይዞራል። አብዱሰመድ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ሱቁን ለራዲያ ትቶ ይጠፋል፤ ክር ሊያመጣ ነው ትላለች ሲጠይቋት፣ ሳቋን እያፈነች። ደብረ ወርቅ ታይቷል። አምበር ታይቷል፤ በጉ አሁን ገመዱ በደንብ ይታሰራል።

አንተም እንግዲህ፣ ይህን በእግርህ ላይ እግርህን ሰቅለህ የምታነብ፣ ያ ፊልም ወደ ከተማህ መጥቶ ትኬት ከቆረጥህ፣ አስተያየትህን ለራስህ ያዝ፤ ስለ ተራራውም፣ ስለ ኬኩም። አንዲት ነገር ብቻ እንለምንሃለን። ስትገባ፣ ከኋላህ ያለውን በር እባክህ ገርበብ አድርገህ ተወው።